ኦርጋኑ እስኪጠገን

ደሴ፣ ጥር 24 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ደመላሽ፣

የናፍቆት ሰላምታዬ ካሉበት ከሜልቦርን ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ሥራውስ? እኔ በቁሜ አለሁ። ደህና ነን እንዳልል ቤቱ ደህና አይደለም።

ደብዳቤው በእርስዎ ስም ብቻ መምጣቱ ሳያስደነግጥዎት አልቀረም። ቁጭ ብለው ያንብቡት። አክስቴ እናኑ በቃና ዘገሊላ ዕለት አረፈች። ሳል ነው ብለን ስንንቀው ደረቷን አፍኖ ያዛት፤ ሐኪም ቤት ያደረችው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። መድኃኔዓለም ቀበርናት። ሹሩባ የሠራችላት ሴት ሁሉ ወጥታ ስለነበር መንገዱ ጠበበ። አልተሠቃየችም፤ ይህን ለልጇ ለዕቁባይ ይንገሩልኝ።

መርዶው ከእርስዎ አፍ እንዲወጣ ነው እዚህ ያሉት ሽማግሌዎች የቆረጡት። እዚያ አገር ከእርስዎ በቀር የሥጋ ዘመድ የለውም። ጓደኛውን ሀጎስንና ሌሎች የሚቀርቡትን ይዘው፣ ማልደው፣ ሥራ ሳይወጣ ቤቱ ይድረሱ። በስልክ እንዳይሆን አደራ። ብቻውንም እንዳይሆን።

አክስቴ ፊደል እንዳልቆጠረችና ለልጇ የምትልከውን ሁሉ እኔ እንደምጽፍላት ያውቃሉ። እሷ ምድጃው አጠገብ ሆና ትናገራለች፤ እኔ እከትባለሁ፤ አንዳንዴ ስድቡን አለሳልሰው ነበር። የእሱ ደብዳቤ በቅርቡ መምጣቱ አይቀርም። ከመምጣቱ በፊት እርስዎ ይቅደሙልኝ። ምን ብዬ እመልስለታለሁ?

እግዚአብሔር ያጽናዎት።
ማንተግቦሽ


ሜልቦርን፣ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1997

ለውድ ልጄ ለማንተግቦሽ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ነፍሷን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። ደብዳቤሽን ላቨርተን ኖርዝ፣ የምሠራበት መጋዘን ጀርባ ቆሜ ነው ያነበብኩት። አለቃዬ አለርጂ ነው ብሎ መሐረብ ሰጠኝ። እትዬ እናኑ የአክስቴ ልጅ ብቻ አይደለችም፤ እናቴ ገበያ ስትውል ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናም አለቀስኩ።

አሁን የምጽፈውን ስታነቢ እንዳትቆጪኝ። ለዕቁባይ ገና አልነገርኩትም። ምክንያቱን ስሚኝ።

ልጁ የሚጫወተው ኦርጋን በልጅነቱ ዓዲግራት ሚሲዮን ትምህርት ቤት የለመደው፣ በእግር እየረገጡ የሚነፉት ሣጥን እንዳይመስልሽ። ይኼኛው እዚህ የፈረንጆች ቤተክርስቲያን ውስጥ አንድ ግድግዳ የያዘ ነው። ትልቁ ቧንቧ የመብራት እንጨት ያህላል፤ ትንሹ ከእርሳስ አይበልጥም። በእጅም በእግርም ይጫወቱታል። በዚህ በምዕራብ በኩል ያሉ ኦርጋን ተጫዋቾች ማኅበር አላቸው፤ አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የየቤተክርስቲያኑን ኦርጋን ይጎበኛሉ፤ ብስኩት ይበላሉ፤ ስለ አንድ ቧንቧ ግማሽ ቀን ይከራከራሉ። ዕቁባይን ከመሃላቸው አስቀምጠው እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት። በዓመት አንድ ጊዜ ከአባሎቻቸው አንዱ አዲስ የጻፈው ሙዚቃ ይቀርባል። ዘንድሮ ተራው የእሱ ነው። ሙዚቃው ደግሞ ስለ እናቱ ነው፤ እትዬ እናኑ ሹሩባ ስትሠራ የምታንጎራጉራትን ዜማ ነው ለኦርጋን የጻፋት።

ኮንሰርቱ ከፈረንጆቹ ፋሲካ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነው። መርዶውን ከሰማ መሣሪያ አይነካም። አባቱ የሞተ ጊዜ ዓመት ሙሉ ሬዲዮ እንኳ አልከፈተም። ሁለት ዓመት የደከመበት ነገር ገደል ሊገባ ነው። ስለዚህ ኮንሰርቱ እስኪያልፍ ልያዘው አልኩ፤ ጥቂት ሳምንት ነው። ሀጎስም ተስማምቷል።

እውነቱን እንዳልደብቅሽ፣ እኔም አለሁበት። ኦርጋኑ ግራና ቀኝ እየተጎተተ ድምፅ የሚቀይር ብዙ እጀታ አለው፤ ዕቁባይ በጭንቅላቱ ሲጠቅሰኝ እየጎተትኩና እየመለስኩ የማግዘው እኔ ነኝ። ስሜ ፕሮግራሙ ላይ ይወጣል ብለውኛል። እዚህ አገር ስሜ ከደመወዝ ወረቀት ሌላ የትም ወጥቶ አያውቅም። ይኼ ሐሳብ ከውሳኔዬ ጋር አልተደባለቀም ብል እዋሻለሁ።

ጋሼ ደመላሽ


ደሴ፣ መጋቢት 16 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ደመላሽ፣

ጾሙን በጤና ያስፈጽምዎ። አርባዋን አውጥተናል። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር፤ የልጇ ቦታ ብቻ ባዶ ሆነ። «ዕቁባይ ምን አለ? እንዴት ሆነ?» ላለኝ ሁሉ «በርትቷል» አልኩ። ጋሼ፣ ያልሰማን ሰው በርትቷል አልኩ።

ኮንሰርት የሚባል ነገር መርዶ እንደሚያስቆይ የሰማሁት ገና ከእርስዎ ነው። ሰርግ ቢሆን፣ ወሊድ ቢሆን ይገባኛል። ቢሆንም እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ እዚያ ያለውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት ብዬ አፌን ይዣለሁ።

የፈራሁት ደረሰ። ጥቅል ላከላት። ፖስታ ቤት ያለው ሰውዬ ቀብሯ ላይ ቆሞ የነበረ ነው፤ ስሟን አየና እኔን አስፈረመኝ። ውስጡ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ሹራብ ነው፤ ትልልቅ ቁልፎች ያሉት፣ ለእሷ ብርድ የታሰበ። ሰው ልበሺው ይለኛል። እንዴት ብዬ? ከነፌስታሉ ሣጥን ውስጥ አስገባሁት።

ደብዳቤም አለው። «እማዬ፣ ሹሩባ ስትሠሪ የምትያት ዜማ እስከ መሃል አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ሄዳ ነው የምታልቀው? ማንተግቦሽ በቴፕ ትቅዳሽና ላኩልኝ» ይላል። አነበብኩትና አጠፍኩት። አልመለስኩም። መመለስም አልችልም። እርስዎ ቅዳሜውን አሳልፈው ቶሎ ይንገሩትና ከዚህ ያውጡኝ።

ማንተግቦሽ


ሜልቦርን፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1997

ለውድ ልጄ ለማንተግቦሽ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ስለ አርባው የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ቁጣሽም ይገባኛል።

ነገሩ እንዳሰብነው አልሆነም። ከኮንሰርቱ በፊት በነበረው ልምምድ አንዱ ቧንቧ ማንም ሳይነካው መጮህ ጀመረና አላቆም አለ። ዕቁባይ እጁን አነሳ፣ እጀታውን ሁሉ መለስኩ፣ ቧንቧው አሁንም ይጮኻል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይዘሮ ዶሪን በሰማንያ ዓመቷ በመሰላል ወጥታ አየችው። ነፋሱን የሚይዘው ወናፍ ቆዳው አርጅቶ ተቀድዷል፤ ውስጡ ያለውም ሁሉ መለወጥ አለበት ተባለ። ይህን የሚሠራው ባለሙያ ደግሞ ባላራት ከተማ ነው ያለው፤ በእጁ የያዘውን ሳይጨርስ አይመጣም። ኮንሰርቱ ከክረምቱ ወዲያ ተዛወረ።

ይህን እንደሰማሁ ከሀጎስ ጋር ተነጋግረን በማግስቱ ማለዳ ቤቱ ሄድን። እውነቴን ነው፣ ልንነግረው ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ከውስጥ ዱብ ዱብ የሚል ሰማን። ሥራ ሳይሄድ ወለሉ ላይ በጠመኔ የኦርጋኑን የእግር መርገጫ ሥሎ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ በካልሲ ይለማመዳል፤ ቀደም ብዬ አይቼዋለሁ። በእግሩ የእናቱን ዜማ እየመታ ነበር። ላንኳኳ እጄን አነሳሁ። ሀጎስ «ዛሬ ይቅር» አለኝ። ምክንያት ስፈልግ ስለነበር ወዲያው እሺ አልኩት። ተመልሰን ወደ ትሬን ጣቢያ ሄድን።

አሁን የምለምንሽ ከባድ ነገር ነው። «እናቴ ለምን ዝም አለችኝ?» እያለ ይጠይቀኛል። እንደ ወትሮው በእሷ ስም ጻፊለት፤ አንዴ ብቻ። የጠየቀውንም ዜማ የምታውቂውን ያህል ላኪለት። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።

ጋሼ ደመላሽ


ደሴ፣ ሰኔ 8 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ደመላሽ፣

እንደምን ሰነበቱ? ያሉኝን አድርጌያለሁ። እንዴት እንዳደረግኩት ልንገርዎና እርስዎም አብረውኝ ይሸከሙት።

በፋሲካ ዕለት ዕቁባይ ሰፈራችን ያለው መድኃኒት ቤት ስልክ ደወለ። ሮጬ ሄድኩ። «እማዬስ?» አለኝ። «ለቅሶ ሄዳለች» አልኩት። በዓል ቀን ለቅሶ የሚሄድ ሰው የት አለ? «ከከተማ ውጭ ነው፣ ነገ ትመጣለች» ብዬ ጨመርኩበት። «ፊቷን ሳሚልኝ» አለ። መድኃኒት ቤት ያሉት ሴቶች ሁሉ እየሰሙኝ «እሺ» አልኩ።

ደብዳቤውን ጻፍኩ። ሹራቡ ልኬ ነው፣ እግዜር ያልብስህ፣ አግባ፣ አትክሳ። ሁሉንም እሷ እንደምትለው አልኩት፤ ስድቡንም እኔው ጨመርኩበት። ድሮ እያሳቀችኝ የምጽፈው ደብዳቤ ነበር።

ካሴቱ ባሰብኝ። ጎረቤታችንን ፈጡማን ጉልበቴ መሃል አስቀምጬ ፀጉሯን እየሠራሁ አንጎራጎርኩ፤ እጄ ሳይሠራ ዜማው አይመጣልኝም። ደብዳቤው ላይ «ሳል ይዞኝ ድምፄ ተዘግቷል» ብያለሁ። እስከ መሃል ያለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለሰማሁት አልቸገረኝም። መጨረሻው ግን የት እንደሆነ እኔም አላውቅ። አክስቴ የጉንጉኑን ጫፍ ቋጥራ ስትለቅ ዜማውንም እዚያው ትለቀው ነበር፤ ቀጣዩን ጉንጉን ስትይዝ ካቆመችበት ታነሳዋለች። እሱ መጨረሻ ስለጠየቀ መጨረሻ ሠራሁለት። ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ ዝቅ እያለ የሚያርፍ፣ ደስ የሚል ነገር አደረግኩት። ፈጡማ ዞር ብላ «እትዬ እናኑ እንዲህ ብላ ታውቃለች እንዴ?» አለችኝ። አንገቷን ወደፊት መለስኩት።

ጋሼ፣ በሞተ ሰው አፍ ዘፈንኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ መቃብሯ ዘንድ መሄድ አልቻልኩም፤ ቅጥሩ በር ድረስ ደርሼ እመለሳለሁ።

ማንተግቦሽ


ሜልቦርን፣ ኦገስት 3 ቀን 1997

ለውድ ልጄ ለማንተግቦሽ፣

ክረምቱን እንዴት ይዛችሁታል? እዚህም ክረምት ነው፤ ከትሩጋኒና ሜዳ የሚመጣው ነፋስ መጋዘናችን ውስጥ ገብቶ አጥንት ይበላል።

ካሴቱ ደርሷል። ዕቁባይ ደውሎ ጠራኝና አብረን ሰማን። እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ ዓይኔን የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ። አንዴ ሰማው። መልሶ አጠነጠነና ደገመው። ሦስተኛ ሲከፍተው መጨረሻዋን ብቻ ነበር። ከዚያ ቴፑን አጠፋና «ሳል ይዟታል» አለ። «የክረምት ነገር» አልኩት።  ተነስቶ ሻይ አፈላልኝ። በሳምንቱ ቤተክርስቲያኑ ስንገናኝ የላክሽውን መጨረሻ በኖታ ጽፎት አየሁ። ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ፤ መሰለኝ እንጂ አልወረደም።

ባለሙያው መጥቶ የወናፉን ቆዳ ለውጦታል። አሁን ድምፁን እያስተካከለ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ረዳት ያስፈልገዋል። እሱ ቧንቧዎቹ መሃል ይገባል፣ እኔ ውጭ ተቀምጬ አንድ ቁልፍ በጣቴ ተጭኜ እይዛለሁ። «ቀጣይ» እስኪለኝ አለቀውም። ቤቱ ባዶ ነው፤ ሌላ ሰው የለም። አንድ ድምፅ ያለማቋረጥ እየጮኸ እኔ ከእትዬ እናኑ ጋር ስወቃቀስ እውላለሁ። ሐሳቤ ሁሉ «ልጄን ምን አደረግኸው?» የምትለኝ ነው። ባለሙያው ከቧንቧዎቹ መሃል ሆኖ «እንቅልፍ ወሰደህ ወይ?» ብሎ ይቀልዳል፤ እስቃለሁ።

ኮንሰርቱ ለኖቬምበር አጋማሽ ተቆርጧል። ዕቁባይ ትንሽ ከስቷል፤ ወይዘሮ ዶሪን ሾርባ ትልክለታለች። ለጠዋት ሺፍት በቤቱ በኩል ሳልፍ ገና ሳይነጋ መብራቱ በርቶ አየዋለሁ። ልምምዱን አጥብቆ ነው እላለሁ።

ጋሼ ደመላሽ


ደሴ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ደመላሽ፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎ። ይህን ደብዳቤ ያዘገየሁት ቆርጬ ነው፤ ለእርስዎ ስጽፍ እንደ ግብረ አበር ይሰማኛል።

የዕቁባይ ደብዳቤዎች ተለውጠዋል። ድሮ ገጹ ሙሉ ጥያቄ ነበር፤ ወገብሽ እንዴት ነው፣ ማን ፀጉር ሊሠራ መጣ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ። ካሴቱን ከላክሁ ወዲህ አንድም ነገር አይጠይቅም። ሰላምታ ብቻ ነው። ልብስም መላክ ትቷል። በመጨረሻው ላይ «ለጸሐፊዋ እጅ ጤና ይስጥልኝ፣ እንዳትከፋ» ብሎኛል። ደብዳቤውን ደግሜ አነበብኩት። ምን ማለቱ ነው? ከአፍዎ አመለጠዎት? ወይስ እዚያ ያለ የደሴ ሰው ነገረው?

ጋሼ ደመላሽ፣ አልቆጣም፣ ከአሁን በኋላ ግን በእሷ ስም አንድ መስመር አልጽፍም። ሙት ዓመቷ ጥር ላይ ነው። ልጇ ሳያውቅ ሙት ዓመቷ ሊወጣ ነው? መጀመሪያ ለእሱ አስበን ነበር፤ ልክ ነው። አሁን ግን ለራሳችን የምናስብ ይመስለኛል፤ ምን ይለናል ብለን ነው የምንዘገየው። ኦርጋኑ ተጠገነም አልተጠገነ ይንገሩት።

ማንተግቦሽ


ሜልቦርን፣ ኖቬምበር 23 ቀን 1997

ለውድ ልጄ ለማንተግቦሽ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ይህን የምጽፈው ከዕቁባይ ቤት ነው። ፍራሽ አንጥፈን ተቀምጠናል። ሀጎስ አለ፣ የእኛ ሰዎች አሉ፣ የማኅበሩ ሽማግሌዎችም ብስኩታቸውን ይዘው ጫማቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ዶሪንን ወንበር ብንሰጣት እምቢ አለች።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከኮንሰርቱ በፊት በነበረው ሳምንት ነው። ያኔውኑ መሄድ ነበረብኝ። ይህን ያህል ከጠበቅሁ አንድ ሳምንት ምን ይለውጣል አልኩ። ፈሪ ነኝ፣ ማንተግቦሽ፤ ሌላ ስም የለውም።

ቤተክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ከጂሎንግም ከባላራትም በአውቶቡስ መጥተዋል። ዕቁባይ ጥቁር ለብሶ ነበር፤ ኦርጋን ተጫዋች ሁሉ ጥቁር ስለሚለብስ ልብ አላልኩትም። ዜማዋ በትንንሾቹ ቧንቧዎች ተጀመረች። አንዷ ድምፅ ስትሄድ ሁለተኛዋ በላይዋ ታልፋለች፣ ሦስተኛዋ ከሥር ትመጣለች፤ ጉንጉን ነው የሠራው። እኔ እጀታ እየጎተትኩ እንባዬ ኖታው ላይ እንዳይወርድ ፊቴን አዞር ነበር። ወደ መጨረሻው ስንደርስ አንቺ የላክሽው ማለቂያ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ ለእሱ የምጎትተውን እጀታ ይዤ ጥቅሻውን ጠበቅሁ። አልጠቀሰኝም። ዜማዋ መሃል ላይ ደርሶ እጁንም እግሩንም አነሳ። ቆመ። ኦርጋኑ እንደ ቀድሞው የተበላሸብን መሰለኝ። ሰዉ ያጨብጭብ አያጨብጭብ ግራ ገባው። ዕቁባይ ኖታውን አጥፎ «እናቴ እዚህ ላይ ነው የምትለቀው» አለኝ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። እሱ ነው፤ ብቻውን፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ። ይህን እኔ ነበርኩ ማድረግ የነበረብኝ።  እጄን ያዘና «ጋሼ፣ እናኑ አርፋለች፤ በርቱ» አለኝ። የእናቱን መርዶ ለእኔ አረዳኝ። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ያኔ ነው እሱም የጮኸው። ጎረቤቶቼ ቪየትናሞች ናቸው፤ ወጥተው አዩን፣ አንዷ ውሃ ይዛ መጣች።

በኋላ ሁሉንም ነገረኝ። ካሴቱን እንደሰማ ነው ያወቀው። ድምፁ አይደለም፤ ድምፅሽ እሷን እንደሚመስል ተናግሯል። «እማዬን መጨረሻው የት ነው ብላት ‘የምን መጨረሻ፣ ፀጉሩ ሲያልቅ ነዋ፣ ደንቆሮ’ ብላ ትሰድበኝ ነበር፤ በደብዳቤ የጠየቅኋትም ያንን ስድብ ለመስማት ነው» አለ። መጨረሻ ሲላክለት አለመኖሯን አወቀ። ከዚያ ጀምሮ ሳይነጋ እየተነሳ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ለባብሶ፣ ሻይ ውሃውን ጥዶ ሲጠብቀን ከርሟል። «መርዶ ሳይነገረኝ ብቻዬን እንዴት ልቀመጥ? ደግሞ ማወቄን ብነግራችሁ ታፍራላችሁ ብዬ ነው» አለኝ። እኔ በመንገድ ሳልፍ መብራቱን እያየሁ ይለማመዳል የምለው ያንን ነው። በመስኮት ያየኝ ነበር። ዛሬ ይገባል ይላል፤ እኔ ወደ ትሬኑ እሄዳለሁ።

ይቅርታ ጠየቅሁት። «እሺ» አለ። «እሺ» ማለቱ ይቅር ማለቱ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ለመጠየቅም ፊት የለኝም። ለጥር ወደ ደሴ ይመጣል፤ ሙት ዓመቷን እሱ ያወጣል። ኦርጋኑን እስከዚያ አይነካም፤ ቁልፉን ለወይዘሮ ዶሪን መልሷል።

አንቺን አልተቀየመሽም። ሲያለቅስ ስምሽን ጠርቶ ነው ያለቀሰው፤ «ብቻዋን ተሸክማው» አለ። አሁን ፍራሹ ላይ ሆኖ ስጽፍልሽ ያየኛል። በእናቱ ስም የሚጽፍለት ሰው ስለሌለ ከእንግዲህ ደብዳቤ የሚመጣለት አይመስለውም። በራስሽ ስም ጻፊለት።

ደመላሽ